የእናቴን የምግብ አሠራሮችና የሳምንት አስቤዛዬን በተራ የጽሑፍ ፋይል ለመያዝ ምክር እፈልጋለሁ

ጓዳዬ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከእናቴ የተማርኋቸውን የወጥና የቅመም አሠራሮች ላለፉት ስምንት ዓመታት ባመቸኝ ቦታ ሁሉ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ጥቂቶቹ በአንድ የቆየ ደብተር ላይ፣ ብዙዎቹ በቴሌግራም ለራሴ በላክኋቸው መልእክቶች ውስጥ፣ የቀሩት ደግሞ እናቴ በድምፅ ልካልኝ እስካሁን ወደ ጽሑፍ ባላመጣኋቸው ቅጂዎች ውስጥ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሌላ ለሦስት ዓመት ያህል የተጠቀምሁበት አንድ የምግብ አሠራር መመዝገቢያ መተግበሪያ ነበረ። ስልኬን በለወጥሁ ጊዜ መተግበሪያው በአዲሱ ስልክ ላይ አልጫን አለ፤ ቀደም ብሎ ያወጣልኝ የመጠባበቂያ ፋይልም በሌላ በምንም ፕሮግራም የማይከፈት ሆኖ ተገኘ። በውስጡ ከነበሩት ስልሳ ያህል አሠራሮች ውስጥ አብዛኞቹን ከደብተሩና ከቴሌግራሙ ለቃቅሜ አግኝቻቸዋለሁ። የመከለሻውንም እናቴን ጠይቄ እንደገና ጻፍሁት። አዋዜው ግን የአክስቴ ነበረ፤ አክስቴ ደግሞ ዐርፋለች።

ከዚያ ወዲህ አሠራሮቼን ማንኛውም ስልክና ማንኛውም ኮምፒውተር ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ለመያዝ ወስኛለሁ። ወደ አርባ የሚሆኑትን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ነገር ግን አጻጻፌ ሥርዓት ስለሌለው ሥራው እያደር እየከበደኝ መጥቷል። አንዱን ለናሙና ያህል እነሆ፦

ምስር ወጥ
ግማሽ ኪሎ የምስር ክክ ታጥቦ ይቀመጣል። አራት ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ ማቁላላት፣ ከዚያ በርበሬ አራት ማንኪያ፣ ዘይት አንድ ሲኒ፣ ነጭ ሽንኩርት። ውሃ ጠብ እያደረጉ ቁሌቱ ሲበስል ምስሩን መጨመር። ሲወርድ መከለሻ።

ይህ አጻጻፍ ምድጃ ዳር ቆሜ ሳነበው አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሳምንቱ ውስጥ የማበስላቸውን ስድስት ወይም ሰባት ምግቦች ፋይል አንድ በአንድ እየከፈትሁ፣ ከአንቀጹ ውስጥ የሚገዛውን ነገር በዓይኔ እየለቀምሁ ወረቀት ላይ ስገለብጥ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ገበያ ደርሼ ደግሞ የረሳሁት አይጠፋም። ባለቤቴም ከሥራ ሲመለስ በመንገዱ ካለው ሱቅ የሚገዛቸው ነገሮች ስላሉ ዝርዝሩ በሁለታችንም ስልክ ላይ ሊኖር ይገባዋል።

ከዚህ የባሰ ግራ ያጋባኝ ፍለጋው ነው። «ሥጋ» ብዬ ስፈልግ አራት አሠራር ብቻ ይወጣል፤ ከአሥር በላይ እንዳሉ ግን አውቃለሁ። ለጾም የሚሆኑትን ለመለየትም «ጾም» የሚል ቃል ከሥራቸው ጽፌ ነበር፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ስፈልጋቸው ግማሾቹ አልወጡም።

ሁሉንም በአንድ ረጅም ፋይል መጻፍ ይሻላል ወይስ ለእያንዳንዱ ምግብ የየራሱን? ከአሠራሩ ውስጥ የአስቤዛውን ዝርዝር በቀላሉ ለማውጣት ጽሑፉ እንዴት ቢደራጅ ይመረጣል? በሥራዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤት ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ አለኝ፤ ትእዛዝ መጻፍም ከታናሽ ወንድሜ ጥቂት ስለተማርሁ ተርሚናል መክፈት አያስፈራኝም፤ ፕሮግራም ግን አልጽፍም። በዚህ መንገድ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ካሉ ልምዳቸውን ቢያካፍሉኝ ታላቅ ውለታ ነው።


ተርሚናል (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልን እኅታችን። የአክስትዎን ነፍስ ይማር። እኔም የቤታችንን አሠራር በዚህ መንገድ መያዝ ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴ ስለሆነ፣ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም እነግርዎታለሁ።

ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ ፋይል ያድርጉ፤ የፋይሉም ስም የምግቡ ስም ይሁን። ይህን የምለው አቃፊው ሥርዓት ያለው ሆኖ እንዲታይ ብዬ አይደለም። የሳምንቱን ምግብ ሲወስኑ የሚጽፉት የምግብ ስሞችን ስለሆነ፣ ፋይሉና ምግቡ አንድ ስም ካላቸው የሳምንቱ ዕቅድ ራሱ የትኞቹ ፋይሎች እንደሚከፈቱ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ሁሉም በአንድ ረጅም ፋይል ከተጻፈ ግን ምስር ወጡን ከጎመኑ ለይቶ ማውጣት ፕሮግራም መጻፍ ይጠይቃል። ፋይሎቹ ይበዛሉ ብለው አይስጉ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት አቀማመጥ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 2000 ፊደል ያለው ረጅም አሠራር 6 ኪሎ ባይት ገደማ፣ 500 አሠራር ደግሞ 3 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ይህ ስልክዎ ከሚያነሣው ከአንድ ፎቶ ጋር የሚተካከል ነው። ፋይሉን ሲያስቀምጡ የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ፤ በቆየ ኮምፒውተር ላይ በሌላ አቀማመጥ የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገኛል፤ ያ ጽሑፍ ደግሞ አይመለስም።

ዋናው ነገር አንቀጹን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። የሚገዛው ነገር ለብቻው፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር፣ ስሙ ቀድሞ መጠኑ ተከትሎ ይጻፍ፤ አሠራሩ ከሥሩ እናትዎ እንደተናገሩት በአንቀጽ ይቀጥል። የእርስዎን ምስር ወጥ እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ምስር ወጥ
መለያ: ጾም
ለስንት ሰው: 5
ምንጭ: እናቴ፣ በስልክ

+ ምስር ክክ: 0.5 ኪሎ
+ ቀይ ሽንኩርት: 0.6 ኪሎ
+ ነጭ ሽንኩርት: 1 ራስ
+ በርበሬ: 4 የሾርባ ማንኪያ
+ ዘይት: 1 ሲኒ
+ መከለሻ: 1 የሻይ ማንኪያ

ምስሩ ታጥቦ ይቀመጣል። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት ውሃውን እስኪጨርስ ይቁላላል፤ ከዚያ ዘይትና በርበሬ ገብቶ ውሃ ጠብ እየተደረገ ቁሌቱ ይበስላል...

በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የመደመር ምልክት «ይህ የሚገዛ ነገር ነው» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የለውም። የሳምንቱን ፋይሎች መርጠው «በመደመር ምልክት የሚጀምሩትን መስመሮች የፋይሉን ስም ሳትጨምር አውጣ» ብለው ግሬፕ የሚባለውን የፍለጋ ትእዛዝ ሲያዝዙት፣ የወጣውንም መስመሮችን ለሚደረድረው ለሶርት ሲያሳልፉለት፣ አስቤዛው ተደርድሮ ይመጣል። ግሬፕ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለ ትእዛዝ ነው፤ እኔ ባልኖር ልጆቼ ሊከፍቱት የሚችሉ ነገር ላይ እንድተማመን ያደረገኝም ይህን የመሰለው ዕድሜው ነው። «ስሙ ቀድሞ» ያልሁበትን ምክንያት ከውጤቱ ያዩታል፦

+ ምስር ክክ: 0.5 ኪሎ
+ ቀይ ሽንኩርት: 0.6 ኪሎ
+ ቀይ ሽንኩርት: 1.5 ኪሎ
+ ቀይ ሽንኩርት: 4 ራስ
+ በርበሬ: 4 የሾርባ ማንኪያ

መጠኑ ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ድርደራው በቁጥሩ ይሆንና ሦስቱ ሽንኩርቶች በሦስት ቦታ ይበተኑ ነበር። መጠኑን በ1፣ 2፣ 3 አኃዝ ይጻፉ፤ «ግማሽ» እና 0.5 ተቀላቅለው ከተጻፉ በኋላ ለማስተካከል ያደክማሉ። በስሙና በመጠኑ መካከልም ፦ ወይም ፡ ሳይሆን በየቁልፍ ሰሌዳው የሚገኘውን ተራውን ሁለት ነጥብ ይጠቀሙ፤ ሦስቱን ማፈራረቅ የእኔን አቃፊ ለአንድ ዓመት አበላሽቶት ነበር።

ድምሩን ለኮምፒውተር ለመስጠት እኔ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ከላይ እንደሚታየው «4 ራስ» ሲመጣ ማሽኑ ከ2.1 ኪሎ ጋር የሚደምርበት መንገድ የለውም፤ ዓይንና ልምድ ግን በአንድ አፍታ «ሦስት ኪሎ ይበቃል» ይላሉ። ለአሠራር ጽሑፍ ተብሎ የተዘጋጀ ኩክላንግ የሚባል አጻጻፍም አለ። በእርሱ የሚገዛው ነገር ስም በአረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለ ከፊቱ @ ይደረግበታል፤ መጠኑም በቅንፍ ይከተላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ግን ምልክቱ ከቃሉ መሐል እየገባ አስቸገረኝ። እኛ «ከሽንኩርቱ ጋር»፣ «በቅቤው ላይ» ብለን ስለምንጽፍ ስሙ ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከአንቀጹ መለየት ለቋንቋችን ይስማማዋል የሚል እምነት አለኝ።

በሁለት ስልክና በአንድ ላፕቶፕ ላይ አንድ አቃፊ ለማኖር እኔ ሲንክቲንግ የሚባል ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ፋይሎቹን በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ሳያስቀምጥ መሣሪያዎቹን በቀጥታ ያገናኛቸዋል።


ሳድስ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የፍለጋው ነገር በሙያዬ በኩል ስለሚነካኝ በእርሱ ላይ ብቻ ልመልስ።

«ሥጋ» ሲሉ አራት ብቻ የወጣልዎት በሌሎቹ ላይ «ስጋ» ብለው ስለጻፉ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የጾሙም ነገር በ«ጾም» እና በ«ፆም» መካከል የጠፋ ነው። እኛ ስናነብ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑብን ልዩነቱን ሳናስተውል እናልፋለን። ለኮምፒውተሩ ግን ሥ እና ስ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው፣ የዓለም ፊደላትን በቁጥር በሚመዘግበው የዩኒኮድ መስፈርት 3.0 እትም ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ትክክለኛውም ይኸው ነው፤ አለዚያ የግዕዝን ጽሑፍ በታማኝነት መጻፍ ባልተቻለ ነበር። ወንድማችን ተርሚናል ባሳየው ድርደራ ላይ የሚያስከትለውን ይመልከቱ፦

+ ሥጋ: 1 ኪሎ
+ ሩዝ: 1 ኪሎ
+ ስጋ: 0.5 ኪሎ
+ እንቁላል: 6
+ ካሮት: 0.5 ኪሎ
+ ወተት: 1 ሊትር
+ ዕንቁላል: 12

ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ደግሞ ከረ በኋላ ስለሆነ ሩዙ ሥጋውን ለሁለት ከፈለው፤ ዕንቁላሉንም እንዲሁ ካሮትና ወተት ገቡበት። ገበያ ላይ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ስድስት ዕንቁላል ገዝቶ ይመለሳል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በአቃፊዎ ውስጥ «ቃላት» የሚባል አንድ ፋይል ይክፈቱና የምትገዟቸውን ነገሮች ስም ሁሉ እርስዎ በመረጡት አንድ አጻጻፍ ይመዝግቡ። እኔ በበኩሌ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ጾም የሚለውን ጥንታዊ አጻጻፍ እመርጣለሁ፤ ልጆች ከእናታቸው ጓዳ ፊደል ቢማሩ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ስያሜም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ፋይል «አዝሙድ» ብቻ በሌላው «ነጭ አዝሙድ» ከተባለ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚገባበትን ወጥ ማን ይለየዋል?

ሁለተኛው የተጻፈውን ሳይነኩ መፈለግ ነው። በግሬፕ [ሥስ]ጋ ብለው ሲጽፉ ሁለቱንም ያወጣል፤ [ጾፆ]ም እና [ዕእ]ንቁላልም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ከዚህ አልፎ የአቃፊውን ግልባጭ በአንድ አጻጻፍ ማየት ከፈለጉ ሴድ የሚባለው ትእዛዝ ፊደልን በፊደል የሚተካበት መመሪያ አለው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ሆሄ ስላላቸው 35 ተተኪዎች ይሆናሉ። ነገር ግን ረድፉን ብቻ ተከትለው ከለወጡ «ዓሣ» «ኣሳ» ይሆንና ከ«አሳ» ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ አራተኛዎቹን ዓን ወደ አ፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ አድርገው በቀጥታ ይተኩ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ ጨምረው 37 ያድርጓቸው። ለዚህ ሥራ ቲአር የሚባለውን ትእዛዝ አይጠቀሙ፤ በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው በፊደል ሳይሆን በባይት ስለሚሠራ የአማርኛውን ጽሑፍ ያበላሸዋል።

ሌላም የማይታይ ጉድጓድ አለ። «ሽንኩርት» ብለው ቢፈልጉ «ሽንኩርቱን» የሚለውን አያገኙም፤ ምክንያቱም ት ወደ ቱ ተለውጧል፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። በሳድስ የሚያልቁት ሁሉ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ዝንጅብል፣ እንዲሁ ናቸው። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ ግን «በርበሬውን»፣ «ቅቤውን» ቢባሉም መጨረሻቸው ስለማይለወጥ ይገኛሉ። ስለዚህ በአንቀጹ ውስጥ ሲፈልጉ የመጨረሻውን ፊደል ትተው «ሽንኩር» ይበሉ። ወንድማችን ባቀረበው አጻጻፍ ደግሞ በመደመር ምልክት በሚጀምሩት መስመሮች ውስጥ ስሙ ያለ ቅጥያ ስለሚቆም፣ ፍለጋውን በእነርሱ ላይ መወሰን ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀረዋል። ያን አጻጻፍ እኔም የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።


እማማ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ትእዛዝ መጻፉን አላውቅም፤ የእኔን ፋይሎች የምታደራጅልኝ ልጄ ናት። ስለ መጠኑና ስለ አስቤዛው ግን የምለው አለኝ።

«አንድ ሲኒ ዘይት» ብለሽ ጽፈሻል። የማን ሲኒ? እኔ ከአገሬ ስወጣ የእናቴን አሠራር ሁሉ በሲኒና በጭልፋ ጽፌ ነው ይዤ የመጣሁት፤ እዚህ አሜሪካ ስደርስ ሲኒዋም ጭልፋዋም አልነበሩም። የአሜሪካው ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የእኛ የቡና ሲኒ ከዚያ ሲሦውን ቢይዝ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ወጤ ሁሉ ዘይት ብቻ ነበረ። እናትሽ በሕይወት ስላሉልሽ አንድ ቀን ሚዛን ይዘሽ እቤታቸው ሂጂና ሲኒያቸውን በውሃ ሞልተሽ ለኪያት፤ በእጃቸው ቆንጥረው የሚጨምሩትን ኮረሪማ ወደ ድስቱ ሳይገባ በወረቀት ተቀብለሽ መዝኚው። ያንን «መስፈሪያ» በሚል አንድ ፋይል ጻፊው። አሠራሩ ላይ ግን «ሲኒ» ያሉትን ወደ ሚሊ ሊትር አትለውጪው፤ ቃላቸው እንዳለ ይቀመጥ። የሲኒያቸው ልክ ከታወቀ ሌላ አገር ያለ ልጅም ይደርስበታል። እዚህ ሥጋውም ሽንኩርቱም በፓውንድ ስለሚሸጥ እኔ 1 ፓውንድ 454 ግራም መሆኑን በዚያው ፋይል አስጽፌዋለሁ።

«እስኪበስል» የሚለውንም ጠይቂያቸው። ቁሌት በደቂቃ አይለካም። እኔ እናቴ ያለችውን እንዳለ ነው ያስጻፍሁት፤ «የሽንኩርቱ ሽታ ጠፍቶ የበርበሬው ሽታ ሲመጣ፣ ዘይቱም ዳር ዳሩን ሲንሳፈፍ» ትለኝ ነበር። ይህ በሰዓት ከተጻፈው ይልቅ ልጄን ረድቷታል።

አስቤዛውን በተመለከተ፣ ሁሉን በአንድ ዝርዝር ማስገባቱ አልተዋጠልኝም። በየሳምንቱ በርበሬ የሚገዛ ቤት አለ? በርበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት የሚሄድ ነገር ነው። ሽሮውም እንደዚያው። ቅቤ በወር ወይም በሁለት ወር ይነጠራል። በየሳምንቱ የሚገዛው ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጎመኑና ሥጋው ነው። እንግዲህ ምስር ወጥ በሠራሽ ቁጥር «በርበሬ አራት ማንኪያ» በቅዳሜው ዝርዝር ላይ የሚወጣ ከሆነ ዓይንሽ ይለምደዋል፤ በርበሬው ከእንስራው ሥር የደረሰ ቀንም ታልፊዋለሽ። እኔና ልጄ ሦስት ዝርዝር አለን፤ የሳምንቱ፣ የወሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ከአገር ቤት» ይባላል። ሰው ሲመጣ የሚላክልንን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ማሰሮው ሲጋመስ ወዲያው እንጽፈዋለን፤ መንገደኛ የሚገኘው በድንገት ስለሆነ ያን ጊዜ ማሰብ አይቻልም። አንቺ እዚያው አገር ቤት ስለሆንሽ «የዓመት» በዪው።

የአክስትሽን አዋዜ ደግሞ ጠፋ ብለሽ አትተዪው። የምታስታውሺውን ያህል ጻፊና የማታውቂው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊበት፤ ከዚያ ለልጆቿ ላኪው። ባዶ ወረቀት ብትልኪ ማንም አይሞላውም፤ የተሳሳተ ነገር ያዩ እንደሆነ ግን «ኧረ እንዲህ አልነበረም» ብለው ያርሙታል።


ተርሚናል (ባሕር ዳር)፦

እማማ ያሉት እኔ ሳላስበው የቀረ ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ። በአጻጻፉ ላይ የሚጨምረው ለውጥ ትንሽ ነው። በየሳምንቱ የሚገዛው የመደመር ምልክት ይኑረው፤ በጓዳ የሚኖረው፣ እንደ በርበሬ፣ መከለሻ፣ ጨውና ንጥር ቅቤ ያለው፣ በመደመር ፈንታ በኮከብ ይጀምር። ቅዳሜ ግሬፕ የሚያወጣው የመደመሮቹን ብቻ ይሆናል። በወር አንድ ቀን ደግሞ የኮከቦቹን አውጥተው ጓዳ ውስጥ ቆመው ማሰሮውን በዓይን እያዩ ማረጋገጥ ነው። መከለሻና ንጥር ቅቤ ራሳቸው አሠራር ያላቸው ስለሆኑ የየራሳቸው ፋይል ይኑራቸው፤ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ የሚገዛው እነርሱ በሚዘጋጁበት ሳምንት ብቻ ነው።


ጓዳዬ (አዲስ አበባ)፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እማማ፣ እርስዎን በተለይ።

ፋይሎቹን ሁሉ በተርሚናል አጻጻፍ ለውጬ ጨርሻለሁ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ያመጣኋቸውን ጨምሮ አሁን 58 ናቸው። የድምፅ ቅጂዎቹንም በጽሑፉ ስም ሰይሜ አጠገቡ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እናቴ በመሐል «አይ፣ ቆይ፣ ጨው ረሳሁ» የምትልበት ቦታ አለና መጣሉን አልፈቀድሁም። «ሥጋ» ስል አራት ይወጣ የነበረው አሁን አሥራ ሦስት ሆኗል። የ«ቃላት» ፋይሉን ስሠራ ደግሞ ያላሰብሁት ነገር አገኘሁ፤ እርድን በሦስት ፋይል «እርድ»፣ በሁለቱ «ዕርድ»፣ በአንዱ ደግሞ «የእርድ ዱቄት» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ሦስት የተከፈተ የእርድ ከረጢት የተገኘውም ለካ በዚህ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሚዛን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሲኒዋ እስከ አፏ 80 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። እናቴ ግን ዘይት ስትሰፍር አትሞላትም፤ ከአፏ አንድ ጣት ዝቅ አድርጋ ነው የምትቀዳው፤ ያ ሲለካ 60 ሆነ። ይህንንም በ«መስፈሪያ» ፋይል ውስጥ «የእናቴ ሲኒ፣ ለዘይት» ብዬ ለብቻው መዝግቤዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ዓርብ ማታ እኔ ቤት ሆኜ፣ ባለቤቴም መንገድ ላይ ሆኖ፣ የሁለታችንም ስልክ ከኢንተርኔት ውጪ እያለ የሳምንቱን ዝርዝር ሁለታችንም ነካነው። ማታ ሲገናኙ ሲንክቲንግ አንዱን አስቀርቶ የሌላውን «ግጭት» የሚል ምልክት ባለው ሌላ ስም አስቀመጠው። የጠፋ ነገር የለም፤ ነገር ግን እርሱ የገዛውን ቲማቲም ቅዳሜ እኔም ገዛሁት። ይህን እንዴት ታስተካክሉታላችሁ?


ተርሚናል (ባሕር ዳር)፦

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል እንዳይነካ ማድረግ ብቻ ነው። በእኛ ቤት የአስቤዛው ዝርዝር አንድ ሆኖ እርሱን የምትጽፈው ባለቤቴ ብቻ ናት። እኔ የገዛሁትን «የተገዛ» በሚል ሌላ ፋይል ውስጥ በራሴ መስመር እጨምራለሁ፤ እርሷ ያንን ታነባለች እንጂ አትነካውም። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ጸሐፊ ብቻ ካለው ግጭት የሚፈጠርበት ምክንያት የለም። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ግን ይህም ቢሆን ዜናውን አያደርስም፤ እንዲህ ባለ ቀን እኔ ከሱቁ ስወጣ በአጭር የስልክ መልእክት «ቲማቲም ተገዝቷል» ብዬ እልካለሁ።


ጓዳዬ (አዲስ አበባ)፦

እንዲሁ አደርጋለሁ። እማማ፣ ስለ አዋዜው ያሉኝን ፈጽሜያለሁ። በማስታውሰው ልክ ጽፌ፣ የማላውቀው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ለአክስቴ ልጆች በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላክሁት። ሁለቱ ምንም አላሉም። ሦስተኛዋ ግን በማግሥቱ ደውላ «እማዬ መቼ ነው ጠጅ የጨመረችው?» አለችኝ። ፋይሉ አሁን እንዲህ ይነበባል፦

አዋዜ
ምንጭ: አክስቴ፤ ከትውስታ የተጻፈ፣ ልጇ ያረመችው

* በርበሬ: 1 ሲኒ
* ጨው: ?
+ ነጭ ሽንኩርት: 3 ፍሬ፣ የተወቀጠ
+ አረቄ: 2 የሾርባ ማንኪያ (ጠጅ አይደለም)
+ ዘይት: 1 የሾርባ ማንኪያ
* ውሃ: ? (ለብ ያለ፤ ልጇ «ፈልቶ የበረደ ነው» ትላለች)

የጨውንና የውሃውን ነገር በፋሲካ ሁላችንም ስንገናኝ እየሠራን እንለካዋለን።